ከቁፋሮ በፊት የሚደርስ ተቆጣጣሪ

የሐዋሳ ሐይቅ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። በምሥራቅ በኩል የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ከየኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ ይጨመርበታል፤ ነገር ግን ከእርሱ ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር የሚፈስ አንድም ወንዝ አይገኝም። ውኃው እንደ ሻላ ሐይቅ ጨዋማ ሳይሆን የቀረው፣ ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት፣ ጥቂቱ በመሬት ውስጥ እየሰረገ ስለሚያመልጥ ነው። ከዚህ በቀር የገባበትን ሁሉ ይዞ የሚቀር፣ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ ከ20 ሜትር ብዙ የማያልፍ ጎድጓዳ ሳሕን ማለት ነው። በዓባይ ዳር የሚኖር ሰው ጥራጊውን ለወንዙ ሰጥቶ፣ ወዴት እንደ ደረሰ ሳይጠይቅ ሊተኛ ይችላል። የሐዋሳ ሰው ግን የጣለውን ነገር ከቆሮሶው ጋራ መልሶ በገበታው ላይ ሊያገኘው ይችላል።

ከተማይቱ የተቆረቆረችው ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩበት ጊዜ፣ በ1952 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ዓመታትም በኋላ የዋና ከተማነቱን ክብር ከይርጋለም ተረከበች። ቀስ በቀስ የጨርቃ ጨርቁ፣ የሴራሚኩ፣ የዱቄቱና የመጠጡ ፋብሪካ ተተከሉባት። ፋብሪካ በመጣ ቁጥር ሕዝቡ ደስ ይለው ነበር፤ ደስታውም ተገቢ ነበር፤ ፋብሪካ እንጀራ ነውና። ከፋብሪካው በስተ ኋላ በቦይ የሚወጣው ውኃ መልኩ ምን እንደሚመስልና ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነበር።

ከከተማይቱ በሰሜን ምሥራቅ የነበረውን ጨለለቃን ሽማግሌዎች ያስታውሱታል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ገና ውኃው ለዓይን የሚታይ ሐይቅ ነበረ። ዛሬ ረግረግና የከብት መሰማሪያ ሆኗል። ጨለለቃን አንድ ክፉ ሰው አላደረቀውም። ዙሪያው ተመነጠረ፤ ዳገቱ ታረሰ፤ አፈሩ ከክረምት ጎርፍ ጋራ እየወረደ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ሞላው። ይህን ያላየ አልነበረም። ነገር ግን ማየት አንድ ነገር ነው፤ ዕለቱንና ልኩን ጽፎ፣ «አቁም» ለማለት ሥልጣን ይዞ ማየት ሌላ ነገር ነው። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ማየት ሙያ ነው፤ ታሪክም አለው። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ልነግርህ የፈለግሁት ይህንኑ ታሪክ ነው፤ የሚጀምረውም ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ነው።

«በሐዋሳ ከሰል የለ፤ ስለ ከሰል ጉድጓድ ምን አሳሰበን?» ትል ይሆናል። እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ሐዋሳ የደቡብ ክልል መዲና ነበረች፤ የከሰል አገር የሆኑት ዳውሮና ኮንታም በዚያው ክልል ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ የዚያ አገር ጉዳይ በዚህ ከተማ ቢሮዎች ጠረጴዛ ላይ ያድር ነበር። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆነ፤ ዳውሮና ኮንታም በ2014 ዓ.ም. ከደቡብ ምዕራብ ክልል ጋራ ሄዱ። መዝገቡ ቢሄድም ጥያቄው አብሮ አልሄደም። ሁለተኛውም ምክንያት የሚበልጥ ነው፤ ወደ ሌላው ሰው ይዞታ ገብቶ፣ ጉዳት እንዳይደርስ የሚመረምር የመንግሥት ተቆጣጣሪ የሚባለው ሰው ሥራውን ከተማረባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱና ዋናው የከሰል ጉድጓድ ነውና።

በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሻየር፣ ሲልክስቶን በሚባል ሰበካ ሐስካር የሚሉት የከሰል ጉድጓድ ነበረ። በአውሮፓ አቆጣጠር ሐምሌ 4 ቀን 1838 ብርቱ ዝናም ዘነመ፤ በአጠገቡ የሚያልፈው ወንዝም ሞልቶ ከመሬት በታች ወዳለው መተላለፊያ ገባ። በዚያ ሰዓት ሊወጡ ይጣደፉ የነበሩ ልጆች በበሩ ላይ ውኃው ዘግቶባቸው 26ቱ ሰጠሙ። ከእነርሱ መካከል ሰባት ዓመት የሆነው ሕፃን ይገኝበታል። የአገሩ ሕዝብ ልጆች ከመሬት በታች እንደሚሠሩ የሰማ ያህል የደነገጠው ያን ጊዜ ነው፤ ልጆቹ ግን ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን በዚያው ጨለማ ውስጥ ነበሩ።

ምርመራ ታዘዘ። በ1842 ሕግ ወጣና ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች ከመሬት በታች እንዳይሠሩ ተከለከለ። ሕጉን ማን ያስጠብቃል ቢባል፣ በዓመቱ ትረመንሂር የተባለ አንድ ሰው ተሾመ። አንድ ሰው! ለዚያ ሁሉ ጉድጓድ። ሥልጣኑም በሠራተኛው ሁኔታ ላይ እንጂ በጉድጓዱ ደኅንነት ላይ አልነበረም፤ ጣራው ሊናድ ነው ወይ፣ አየሩስ ሊፈነዳ ነው ወይ ብሎ መመርመር ከተሾመበት ሥራ ውጭ ነበር። የጉድጓድ ባለቤቶችም መንግሥት በሰው ንብረት ውስጥ ምን አገባው እያሉ ይከራከሩ ነበር። ይህ ክርክር አርጅቶ የሞተ እንዳይመስልህ፤ በየአገሩ፣ በእኛም አገር፣ ልብሱን እየለወጠ ይመጣል።

በ1850 ሌላ ሕግ ወጥቶ ጉድጓዱን ራሱን የሚመረምሩ አራት ተቆጣጣሪዎች ተሾሙ። ባለቤቶቹም ከመሬት በታች የሚቆፈረውን ሁሉ በካርታ እየሣሉ እንዲያቆዩና ሰው ሲሞት እንዲያስታውቁ ታዘዙ። የካርታው ነገር ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን በአንድ አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ፣ በአጠገቡ ሌላ አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር ግድግዳውን ጥሶ ሰዎችን የሚያሰጥመው ማንም ሰው አሮጌው የት ላይ እንዳለቀ ስለማያውቅ ነበር። በወረቀት ላይ የተሠመረ አንድ መስመር ሰው ያድን ነበር።

አራቱ ሰዎች ግን የሚያዝዙት ሕጉ የሚፈቅድላቸውን ብቻ ነው። በጥር ወር 1862 በሰሜን እንግሊዝ፣ ኒው ሀርትሊ በተባለ ጉድጓድ፣ ውኃ የሚስበው የእንፋሎት ሞተር ትልቁ የብረት ምሰሶ ተሰበረና ግማሹ ቁልቁል ወደ ጉድጓዱ አፍ ወረደ። ጉድጓዱ አፉ አንድ ብቻ ነበረ። አፉ ተደፈነ፤ 204 ሰዎችም ሞቱ። በዚያው ዓመት ማንኛውም የከሰል ጉድጓድ ሁለት መውጫ ይኑረው የሚል ሕግ ወጣ። ሁለተኛውን መውጫ ከመጀመሪያው ቀን መቆፈር ይቻል ነበር፤ የጎደለው ገንዘቡና የሚያስገድደው ሰው ነው። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚሰብረው ግን ከዚያ መቶ ዓመት ቆይቶ፣ የማዕድን ሕግ ጎልምሷል በተባለበት ዘመን የሆነው ነው። በዌልስ አበርፋን የምትባል የከሰል መንደር ነበረች። ከጉድጓዱ የሚወጣው ትርፍ ድንጋይና ዝቃጭ ከመንደሪቱ በላይ፣ በተራራው ላይ ይከመር ነበር። ሰባተኛው ክምር መጣል የተጀመረበት ቦታ ምንጭ የሚፈልቅበት ነበር፤ ምንጩም በአገሩ ካርታ ላይ ተሥሎ ይታያል። በ1963 የወረዳው መሐንዲስ ከትምህርት ቤቱ በላይ የሚደፋው ጭቃ አደጋ እንዳለው ጽፎ ነበር። እናቶችም አቤቱታ አቅርበዋል። ጥቅምት 21 ቀን 1966 ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ክምሩ ተንዶ ወረደ፤ ትምህርት ቤቱንም ቀበረ። 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ 116ቱ ልጆች ነበሩ።

የተሰየመው አጣሪ ጉባኤ ጥፋቱ የአገሩ የከሰል ቦርድ መሆኑን ገለጸ። እዚህ ላይ ቆም በል። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ አገር የማዕድን ተቆጣጣሪ አጥታ አልነበረም፤ የተማሩና የታመኑ ነበሩ። ነገር ግን ሕጉ ስለ ጉድጓዱ እንጂ ስለ ክምሩ አይናገርም ነበርና ተቆጣጣሪው ዓይኑን ወደ ታች ተክሎ ሲሄድ ሞት ከላይ ነበር። ስለ ክምር የሚናገረው ሕግ በ1969 ወጣ። ሌላው ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የቀሩት ክምሮች እንዲነሡ መንደርተኛው ሲለምን፣ ሕዝብ ለሟቾች ቤተ ሰብ ካዋጣው ገንዘብ 150,000 ፓውንድ ለማንሻው እንዲከፈል ተደረገ። ገንዘቡ ለመንደሪቱ የተመለሰው በ1997 ነው፤ ያውም ያለ ወለድ።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። እኛ ይህን ሁሉ ከፊታችን ተጽፎ አግኝተናል፤ ዘግይቶ መድረስ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥቅም አለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ44ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደነገገ። በዚያው ዓመት የአካባቢ ጥበቃ ባለ ሥልጣን ተቋቋመ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ታወጁ። የመጀመሪያው፣ ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ ጉዳቱ ይጠና፣ ሕዝብም ይሰማበት ይላል። ሁለተኛው ለተቆጣጣሪው የሰጠው ሥልጣን ትረመንሂር በሕልሙም አላየውም፤ ተገቢ በመሰለው በማናቸውም ሰዓት፣ አስቀድሞ ሳያስታውቅና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይጠብቅ፣ ወደ ማናቸውም ግቢ ገብቶ እንዲመረምርና ናሙና እንዲወስድ ፈቀደለት። ደግሞም ማንም ሰው፣ ጉዳቱ የደረሰው በእኔ ላይ ነው ሳይል፣ አካባቢን የሚጎዳውን ወይም ሊጎዳ የሚችለውን ከሶ አቤት ማለት እንዲችል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ በር ከፈተ። «ሊጎዳ የሚችለውን» የሚለው ቃል ለእኔ ከአዋጁ ቃላት ሁሉ የከበረ ነው። ሐስካርና አበርፋን በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ናቸውና።

አዋጁ እንዲህ ጠንካራ ሲሆን፣ አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት ግን ስሙን ብዙ ጊዜ ለወጠ። ባለ ሥልጣን የነበረው በ2005 ዓ.ም. ሚኒስቴር ሆነ፤ በ2011 ኮሚሽን ተባለ፤ በ2014 ተመልሶ ባለ ሥልጣን ሆነ። የሰሌዳ ጸሐፊ ከዚህ ይጠቀም ይሆናል። በ2002 ዓ.ም. ገደማ የተደረገው ግን ከስም ለውጥ የከበደ ነው፤ የተፅዕኖ ግምገማውን ሰነድ መርምሮ ማጽደቅ በውክልና ለየዘርፉ መሥሪያ ቤቶች ተሰጠ፤ የማዕድኑም ለማዕድን ሚኒስቴር። ፈቃድ የሚሰጠውና ማዕድኑ ቶሎ እንዲወጣ የሚታዘዘው ሹም፣ ቁፋሮው ይጎዳል ወይም አይጎዳም ብሎ የሚፈርደውም እርሱው ሆነ ማለት ነው። ሹሙ ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹም ቅኖች ናቸው። ነገር ግን እህል ሻጩ ሚዛኑንም ከያዘ፣ ቅን ቢሆንም እንኳ ገዢው ተጠራጥሮ ይሄዳል።

የእኛ የድንጋይ ከሰል በእሳተ ገሞራ አለት መካከል ተጋድሞ የሚገኝ ነው። ጭልጋ፣ ሙሽ ሸለቆ፣ ያዩ፣ ድልቢና ሞዬ፣ ጎጀብና ጭዳ፣ እነዚህ ሁሉ ከሰል እንዳለባቸው ከታወቀ ቆይቷል። አመዱ ብዙ ስለ ሆነ ብዙውን ጊዜ ሳይታጠብ ለፋብሪካ አይመችም፤ መታጠቡም ብዙ ውኃ ይፈልጋል፤ የታጠበበትም ውኃ የሚያርፍበት ስፍራ ይፈልጋል። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ለብዙ ዓመት ከሰል በውጭ ምንዛሪ እየተገዛ ሲመጣላቸው ስለ ቆየ፣ መንግሥት ያገሩ ከሰል እንዲወጣ መፈለጉ የሚያስነቅፍ አይደለም። እኔም ከሰል አይውጣ ከሚሉት ወገን አይደለሁም።

ከእነዚህ ሁሉ ያዩን ተመልከት። ያዩ በኢሉባቦር ያለ የደን አገር ነው፤ ጌባ ወንዝ ያልፍበታል፤ በደኑ ውስጥ ማንም ያልተከለው የዱር ቡና ይበቅላል። ዓለም ሁሉ ጧት የሚጠጣው የአረቢካ ቡና ወንድሞች እዚያ ጥላ ሥር ናቸው፤ የቡና በሽታ ቢነሣ መድኃኒቱ ከእነርሱ ዘር ይፈለግ ይሆናል። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የያዩን የቡና ደን በዓለም ከሚጠበቁት የሕይወት ቀጣናዎች መዝገብ ጻፈው። በዚያው አገር መሬት ሥር ደግሞ ከሰል አለ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ ከዚያ ከሰል ዩሪያ ማዳበሪያ የሚሠራ ትልቅ ፋብሪካ ለመትከል ሥራው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጠ። ገበሬው ከመሬቱ ተነሣ፤ ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ፤ ብረትና ሲሚንቶ ተከመረ። ከዓመታት በኋላም ፋብሪካው ማዳበሪያ ሳያወጣ ሥራው ቆመ።

ሰው ስለ ያዩ ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው የባከነውን ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ያሳዝናል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በግማሽ የቀረ ሥራ ለተቆጣጣሪ ከተፈጸመ ሥራ ይልቅ የሚያስቸግር መሆኑ ነው። እየሠራ ያለ ጉድጓድ ባለቤት አለው፤ ይጠየቃል፤ ይቀጣል። የተጀመረና የተተወ ቁፋሮ ግን ክረምቱ ያገኘዋል፤ የተገለጠው አፈር ይታጠባል፤ ጠያቂው ሲመጣ የሚያገኘው ዘበኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቁፋሮ በፊት ሊጠየቅ ከሚገባው አንዱ፣ «ይህ ሥራ በመካከል ቢቆም መሬቱን ማን ይደፍነዋል? የመድፈኛውስ ገንዘብ አሁን የት ተቀምጧል?» የሚለው ነው።

ገና በመዘጋጀት ላይ ወዳለ የከሰል ጉድጓድ የሚሄድ ተቆጣጣሪ ምን ያያል? ከሰሉ ገና አልወጣም፤ ጢስ የለም፤ የሞተ ዓሣ የለም። ያልሠለጠነ ሰው «ምንም የሚታይ የለም» ብሎ ይመለሳል። የሠለጠነው ግን የሥራው ጊዜ ያ እንደ ሆነ ያውቃል። አስቀድሞ የላይኛውን ጥቁር አፈር ይመለከታል፤ ለብቻው ተነሥቶ ከተቀመጠ ነገ መሬቱ ይለብሰዋል፤ ከድንጋዩ ጋራ ከተደባለቀ ግን ያ አፈር ጠፋ፤ እርሱን ለመሥራት ብዙ መቶ ዓመት ፈጅቷልና። ቀጥሎ የክምሩን ቦታ ይመረምራል፤ ዳገት ነው ወይ? ከሥሩ ምንጭ አለ ወይ? ከበታቹስ ማን ይኖራል?

ከዚያ ድንጋዩን ይመለከታል። በከሰል መካከል ብዙ ጊዜ እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ይገኛል። ልጆች ወርቅ ነው ብለው ይሰበስቡታል፤ እርሱ ግን ብረትና ድኝ የተዋሐዱበት ነው። ከመሬት በታች ተዘግቶ ሳለ ማንንም አይጎዳም። ወጥቶ አየርና ዝናም ሲያገኘው ግን ድኙ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ከሌላው ድንጋይ ውስጥ ብረቱንና ሌላውን ከባድ ማዕድን እያሟሟ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ወንዙም እንደ ዝገት ይቀላል። ይህ ነገር አንዴ ከጀመረ ጉድጓዱ ከተዘጋ በኋላ እንኳ ለብዙ አሥር ዓመታት ይቀጥላል። ማስቀረት የሚቻለው ድንጋዩ አስቀድሞ በቤተ ሙከራ ተፈትኖ፣ መጥፎው ከውኃ ተለይቶ ሲቀበር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ባለው ቦታ ነው፤ ቅጠሉም አንድ ከረጢት ድንጋይና የጥቂት ሳምንት ትዕግሥት ነው።

ደግሞ አንድ ሌላ ጠላት አለ፤ በአዋጅም በመጽሐፍም አልተጻፈም። ጉድጓዱ ከከተማ ሩቅ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ተበላሽቷል ወይም ነዳጅ የለውም። ስለዚህ ተቆጣጣሪው በኩባንያው መኪና ይሄዳል፤ ሳያስታውቅ ይገባል ያለው ሕግ እዚያው ላይ ከሸፈ፤ የሚመረመረው ሰው መኪና ልኮ አስመጥቶታልና። በኩባንያው የእንግዳ ማረፊያ ያድራል። ምሳ ይቀርብለታል፤ ጥሩ ምሳ፤ ምናልባት ፍየል ታርዶ። ከምሳ በኋላ ጠቋሚ ጣቱን አንሥቶ «ይህ ክምር ይነሣ» ለማለት ይከብደዋል፤ የበሉበት ወጭት ሰባሪ መባል በአገራችን ቀላል ስድብ አይደለምና። ይህን ሰው ሌባ ብለን ልንሰድበው አንችልም። ጉቦ አልበላም፤ ምሳ ነው የበላ። ነገር ግን የበላው ምሳ ከሥር የሚኖረውን መንደር ምን ያህል እንደሚያስከፍለው በዚያ ቀን የሚያሰላ የለም። የራሱን ስንቅ ይዞ የሚሄድ ተቆጣጣሪ ትዕቢተኛ ቢባል ይሻለዋል።

የዚህ ሁሉ ነገር ዋጋ ምን እንደ ሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። አዶላ በቀድሞው አስተዳደር ከዚሁ ከሲዳሞ ግዛት የሚቆጠር የወርቅ አገር ነበር። በሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገደምቢ የወርቅ ማዕድን ከመንግሥት ወደ ግል ባለ ሀብት ተላልፎ፣ ለ20 ዓመት በተሰጠ ፈቃድ ሲሠራ ቆየ። በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ቢታደስ፣ የአገሩ ሕዝብ ተነሣ፤ እናቶች ፅንሳቸው እንደሚጨናገፍ፣ አካላቸው የጎደለ ሕፃናት እንደሚወለዱ፣ ከብቶቻቸውም እንደሚያልቁ ተናገሩ። ኩባንያው በበኩሉ ጉዳቱ ከእኔ አይደለም አለ። በግንቦት ወር መንግሥት ሥራውን አገደ፤ ምርመራም ታዘዘ። በ2013 ዓ.ም. ማዕድኑ እንደ ገና ተከፈተ። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ የምርመራው ውጤት ለነዋሪው በሚገባ ሳይገለጥለት ሥራው መቀጠሉን ነቀፈ።

እዚህ ላይ እኔ ፈራጅ ልሆን አልችልም፤ አንተም አትችልም። ማንስ ይችላል? እናቲቱ ውኃው ተለውጧል ትላለች፤ ባለ ማዕድኑ ውኃው ዱሮም እንዲህ ነበር ይላል። ሁለቱ የሚታረቁት ወይም አንዱ የሚረታው፣ ማዕድኑ ሳይከፈት የነበረውን ውኃ አንድ ሰው በጠርሙስ ቀድቶ፣ መዝኖ፣ ዕለቱን ጽፎ፣ ለሁሉ በሚታይ መዝገብ አስቀምጦ ከሆነ ብቻ ነው። ያ መዝገብ በሌለበት አገር ሁሉ ድሀ እንባውን፣ ሀብታም ጠበቃውን ይዞ ይቀርባል።

ሐዋሳ ከዚህ ጥቂት ትምህርት አግኝታለች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲታቀድ፣ ፍሳሹ ወደ ሐይቁ ጠብታም እንዳይወርድ፣ ውኃው እየተጣራ ተመልሶ እንዲሠራበት ሆኖ ተነደፈ። እንዲህ ያለ ማጣሪያ ውድ ነው፤ ኤሌክትሪክም ይበላል። ነገር ግን መሠረቱ ሲጣል አብሮ ስለ ታሰበ ሊሆን ቻለ፤ ፋብሪካው ካለቀ በኋላ ቢጠየቅ፣ ገንዘብ የለም ይባል እንደ ነበር የታወቀ ነው። ይህም ቢሆን ሁሉን አይፈጽምም። ውኃው ተጣርቶ ሲመለስ ጨውና ዝቃጭ ይቀራል፤ እርሱም ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገዋል። የቀሩት የከተማይቱ ቦዮችም አሉ። ከጥቁር ውኃ በላይ ያለው ዳገትም ዛሬም አፈሩን ይሰዳል።

በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲና በሌሎቹም ትምህርት ቤቶች ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚማሩ ወጣቶች በየዓመቱ ይመረቃሉ። ከእነርሱ አንዱ ወይም አንዲቱ፣ ምናልባትም ይህን የምታነቢው አንቺ፣ ወደ ምዕራብ ከሰል አገር ትላኪ ይሆናል። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጉድጓዱ ገና አልተከፈተም፤ ሥራ አስኪያጁም «ምን የሚታይ አለና መጣሽ?» ይላል። ከካምፑ በላይ፣ መኪና የማይደርስበት፣ ወንዙ ገና ንጹሕ የሆነበት ቦታ አለ። እዚያ ድረስ በእግር ወጥቶ አንድ ጠርሙስ መሙላት፣ ከካምፑ በታች ወርዶም ሌላ መሙላት፣ በሁለቱም ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቦታውን ስም መጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።